ለ24 ሰዓት የሚሮጥ መኪና ማማር አለበት ወይ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። አምስት ኪሎ የመካኒካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። ፈረንሳይ አገር የሚካሄደውን የሌ ማንን የ24 ሰዓት የመኪና ውድድር ከጓደኞቼ ጋር አራት ኪሎ አንድ ካፌ ውስጥ ተሰብስበን እናያለን። ሁሌ የምንጨቃጨቅበት አንድ ነገር አለ። ጓደኛዬ «የውድድር መኪና ቀድሞ ከገባ በቃ፤ መልኩ ለማን ይጠቅማል? ቅርጹን የሚያወጣለት ነፋሱ ነው» ይላል። እኔ ደግሞ መኪናው ካላማረኝ ልቤ አይከተለውም። የዛሬዎቹ መኪኖች ሲሠሩ መልክ ከቁም ነገር ይቆጠራል? ወይስ ነገሩ ያልገባኝ እኔ ነኝ? (ከአምስት ኪሎ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ በደንብ ገብቶሃል። መልክ ይቆጠራል። ዛሬ ደግሞ ከ15 ዓመት በፊት ከነበረው በበለጠ ይቆጠራል። ለምን እንደሆነ ላስረዳህ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

እኔ መኪና የተማርኩት በመዳፌ ነው። ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ አካባቢ የአጎቴ ጋራዥ ነበር። ዛሬ ጋራዡም ሰፈሩም የለም። አጎቴ ባቲላሜራ ነበር። የተጋጨ ፓራፋንጎ ቀጥቅጦ ወደ ቦታው ሲመልስ ዓይኑን ይጨፍናል። መዳፉን ላሜራው ላይ አሳርፎ ከፊት ወደ ኋላ ቀስ ብሎ ይጎትተዋል። ዓይን ያለፈውን ጉብታ መዳፉ ያገኘዋል። ከዚያ ስቱኮ ይቀባል፣ ውሃ እያስነካ በብርጭቆ ወረቀት ያሻል፣ ደግሞ ይዳብሳል። በመጨረሻ አንድ ጣሳ ውሃ ያፈስበትና ቁጢጥ ብሎ ከጎን ያየዋል። የመብራቱ ነጸብራቅ ሳይሰበር ከጫፍ ጫፍ ከሄደ «በቃ፣ ለቀለም» ይላል። ከተሰበረ እንደገና ይጀምራል። ባለመኪናው «አረ ይሄ ይበቃል» ቢለውም አይሰማም።

እንዲህ ያለ ሰው ያሳደገኝ ሆኜ መልክ አይጠቅምም ሲሉኝ ዝም ማለት አልችልም። ግን ጓደኛህም መሬት ያልነካ ወሬ አላወራም። ለብዙ ዓመታት እሱ ያለው ነበር ልክ።

ኦዲ፣ ፔዦ፣ በኋላም ቶዮታና ፖርሸ የተፎካከሩበትን ዘመን ፎቶ ፈልገህ እይ። ሁሉም ከነፋስ ዋሻው፣ ማለትም መኪናው ላይ አየር እየነፉ ቅርጹን ከሚፈትኑበት ክፍል፣ አይወጡም ነበር። ከአንድ ዙር ላይ የሰከንድ ሽራፊ ለመቀነስ አፍንጫውን ይቀዳሉ፣ ጎኑን ይሰረስራሉ፣ ትንንሽ ክንፍ ይለጥፋሉ። ነፋስ ለሁሉም አንድ ነው። ጥያቄው አንድ ሲሆን መልሱም እየተመሳሰለ ሄደ። ቀለማቸውን ብትገፍፈው የትኛው የማን እንደሆነ ለመለየት ይቸግርሃል።

በላዩ ላይ የደኅንነት ሕግ መጣ። ከ2011 ጀምሮ አዲስ የሚሠሩት መኪኖች ከሾፌሩ ጀርባ እንደ ሻርክ ክንፍ ቀጥ ብሎ የቆመ ሳንቃ እንዲኖራቸው ተደረገ። በ2012 ደግሞ ከጎማው በላይ ያለው ፓራፋንጎ ተቀድዶ ቀዳዳ እንዲወጣለት ታዘዘ። ብዙ ሰው «አበላሹት!» አለ። እኔም ያኔ ዓይኔን ወግቶኝ ነበር። ምክንያቱን ካወቅህ በኋላ ግን በሌላ ዓይን ታየዋለህ። በ1999 ሌ ማን ላይ የመርሰዲስ ሲኤልአር መኪኖች ከመሬት ተነሥተው በረሩ። እያጋነንኩ አይደለም፣ በረሩ። ማርክ ዌበር ሁለት ጊዜ ተገለበጠ፤ አንዴ በሰዓት ሙከራው፣ አንዴ በውድድሩ ዕለት ጠዋት ማሟሟቂያ ላይ። ፒተር ደምብሬክ ደግሞ ውድድሩ ውስጥ እያለ በአየር ላይ ተገለባብጦ ከአጥሩ ባሻገር ዛፎቹ መሃል ወደቀ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁለቱም ተርፈዋል። መርሰዲስም የቀረችውን መኪና እዚያው ውድድሩ ላይ አስወጣ።

መኪና በዚያ ፍጥነት አፍንጫው ትንሽ ቀና ካለ ከሆዱ ሥር አየር ይገባና ያነሣዋል። በጎኑ ሲንሸራተትም እንዲሁ። ያ የቆመው ሳንቃና ያ ቀዳዳ መኪናውን መሬት ላይ ለማቆየት የተጨመሩ ናቸው። ሰው ለማትረፍ የወጣን ቀዳዳ አስቀያሚ ለማለት ዛሬ አፌ አይደፍርም።

እንዲያውም በችግር የመጣ ቅርጽ ውሎ አድሮ ውበት ሲሆን አይቻለሁ። የድሮዎቹን ሰይቼንቶ ታክሲዎች አባትህን ጠይቀው። ሞተራቸው ከኋላ ነው። የቸርችልን አቀበት ወደ ማዘጋጃ ቤት ሲወጡ ስለሚግሉ አንዳንድ ሹፌሮች የኋላውን ኮፋኖ በእንጨት ደግፈው ከፍተውት ይሄዱ ነበር። ጣሊያን አገር አባርት እነዚያኑ ፊያቶች ለውድድር ሲያዘጋጃቸው ኮፋኖው ተከፍቶ እንዲሮጥ አደረገ። ሞተሩ እንዲተነፍስ ነው። ዛሬ አሮጌ መኪና የሚሰበስቡ ሰዎች ያንን የተከፈተ ኮፋኖ ሲያዩ ልባቸው ይቀልጣል።

ወደ ጥያቄህ ልመለስ። ነገሩ የተለወጠው በ2021 ነው። ሃይፐርካር የሚባለው ምድብ መጣ። ክብደቱ ከ1030 ኪሎ እንዳያንስ፣ ጉልበቱ 500 ኪሎዋት፣ ማለትም 670 የፈረስ ጉልበት አካባቢ ላይ እንዲቆም ተወሰነ። ለእኛ ጉዳይ ዋናው ግን ሌላ ነው። ነፋሱ መኪናውን ወደ መሬት የሚጫንበት ኃይልና ወደ ኋላ የሚጎትትበት ኃይል በተከለለ ልክ ውስጥ መሆን አለባቸው። በነፋስ ዋሻ ይለካል። ከልኩ በላይ ብታገኝም አይፈቀድልህም።

ተማሪ ስለሆንክ እንዲህ አስበው። መምህሩ «60 ያገኘ ሁሉ ኤ ነው፤ ከ60 በላይ የሚባል ነገር የለም» ቢል ምን ይሆናል? ሁሉም ያንኑ አንድ መጽሐፍ መሸምደዱን ይተዋል። 60 የሚገኝበት መንገድ ብዙ ነው። ሁለት ቅርጽ ፊትህ ቢቀመጥ፣ ሁለቱም ልኩ ውስጥ ከገቡ፣ የትኛውን ትሠራለህ? የሚያምረውን ነዋ። ለብዙ ዓመት ከነፋስ ዋሻው በር ውጭ የቆመው ንድፍ አውጪ በዚያ ሕግ ተመልሶ ገባ።

ከ2023 ጀምሮ ደግሞ እዚያው ምድብ ውስጥ ኤልኤምዲኤች የሚባሉት መኪኖች መጡ። የእነዚህን ሻንሲ የሚሠሩት ዳላራ፣ ሊዢዬ፣ መልቲማቲክና ኦሬካ ብቻ ናቸው። የኤሌክትሪክ ሞተሩ ለሁሉም አንድ ነው፤ ካምቢዮውም አንድ ነው። ካዲላክና ቢኤምደብሊው ሁለቱም የተቀመጡት ዳላራ ላይ ነው። ታዲያ በምን ይለያሉ? በቤንዚን ሞተራቸውና በመልካቸው። ሕጉ ራሱ እያንዳንዱ ኩባንያ የራሱን መልክ እንዲያወጣ ቦታ ትቶለታል።

ይህ ከንቱ ጌጥ እንዳይመስልህ። ውድድሩ ቅዳሜ በእኛ 11 ሰዓት ላይ ይጀምራል። እዚያ ሲጨልም እዚህ ከምሽቱ 5 ሰዓት አልፏል። እናንተን ካፌው ያስወጣችኋል። እኔ ቤቴ ነኝ። ጋቢዬን ደርቤ፣ ቤተሰቡ እንዳይነቃ ድምፁን ዝቅ አድርጌ አያለሁ። ሰኔ ነውና ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል። ያኔ ስክሪኑ ላይ መኪና አይታይም፣ መብራት ብቻ ነው የሚታየው። ቀጥ ብለው የቆሙ ሁለት መስመሮች ከመጡ ካዲላክ ነው። ሦስት የጥፍር ጭረት ከሆነ ፔዦ። ኩላሊት የመሰሉ ሁለት የሚያበሩ ቀለበቶች ካየሁ ቢኤምደብሊው። በ2024 ላምቦርጊኒ ሲመጣ መብራቱ እንደ ባላ እንጨት ሁለት ቦታ የተከፈለ ነበር። ቁጥር ማንበብ አያስፈልገኝም። ሰው ጎረቤቱን በጨለማ በአረማመዱ እንደሚለየው እለያቸዋለሁ። በሌሊት ከማን ጋር እንዳለህ ካላወቅህ 24 ሰዓት ምኑን ታየዋለህ?

አሁን ለጓደኛህ የሚጠቅመውን ላንሳ። በሐቅ ለመነጋገር ያህል፣ የፔዦን ነገር መዝለል የለብኝም።

በ2021 ክረምት ፔዦ 9ኤክስ8ን ሲያሳይ የኋላ ክንፍ አልነበረውም። ስልኬ ላይ ፎቶውን እያሰፋሁ ስንቴ እንዳየሁት አልቆጠርኩትም። ጀርባው ባዶ ነው። እንደ ታጠፈ ወረቀት ጥርት ያለ ጠርዝ አለው፣ ከዚያ ያበቃል። ለአሥርት ዓመታት ሌ ማን ላይ ክንፍ የሌለው መኪና አልለመድንም። እነሱ መሬት ላይ የሚይዘውን ኃይል ከሆዱ ሥር ሊያወጡ አሰቡ። አየር በጠባብ ቦታ በፍጥነት ሲያልፍ ግፊቱ ይቀንሳል፣ መኪናውም ወደ አስፋልቱ ይሳባል። ይህን አንተ ከእኔ በላይ በቀመር ታውቀዋለህ። ልኩ የተወሰነ ስለሆነ «ያለ ክንፍም እንደርስበታለን» አሉ። ደረሱበትም።

ግን ሆድ መሬት ተጠግቶ ካልሄደ ያ ኃይል ይጠፋል። ስለዚህ መኪናው ዝቅ ማለት አለበት፣ ማዘንበል የለበትም፣ ጎርባጣ መንገድም አይወድም። አራቱም ጎማዎቹ እኩል 31 ሴንቲ ሜትር ስፋት ነበራቸው። ሌሎቹ ከፊት 29፣ ከኋላ 34 ይጠቀማሉ፤ የኋላው ሰፊ ጎማ ከመታጠፊያ ሲወጡ መሬቱን ጨብጦ ይገፋል። 9ኤክስ8 በ2022 ሞንዛ ላይ ውድድር ጀመረ፤ ድል ግን አልመጣም። በ2023 ሌ ማን ላይ ዝናቡ ሲያምታታ ለተወሰነ ጊዜ መርቷል። ያኔ ከወንበሬ ተነሥቼ ቆሜ ነበር። አልዘለቀም። በ2024 ሚያዝያ ኢሞላ ላይ ከኋላው ክንፍ ተተክሎለት መጣ። ጎማውም እንደሌሎቹ 29 እና 34 ሆነ።

ያን ቀን አዘንኩ። መሐንዲሶቹን አልወቅሳቸውም። ማሸነፍ አለባቸው። ግን እኔ በዚህ ዘመን ካየኋቸው ሁሉ የሚያምረው ያ ክንፍ አልባው ነው። ጓደኛህ «አየህ፣ መልክ ሸክም ሆነበት» ይልሃል። እኔ የማየው ሌላውን ነው። አንድ ትልቅ ፋብሪካ ማንም ያላደረገውን ቅርጽ ይዞ ወደ ሁለት ዓመት ገደማ አደባባይ ወጥቶ ታገለ። መልክ የማይቆጠር ቢሆን ኖሮ ያን ሁሉ ጊዜ ባልታገሡለት።

ያማረና ያሸነፈ አንድ ላይ ከፈለግህ ፌራሪ 499ፒ አለልህ። ቅርጹ ላይ በፍላቪዮ ማንዞኒ የሚመራው የፌራሪ የንድፍ ማዕከል እጁን አስገብቶበታል። ፌራሪ ወደ ዋናው ምድብ የተመለሰው ከ50 ዓመት በኋላ ነው። በ2023፣ ውድድሩ 100 ዓመቱን ሲያከብር፣ 342 ዙር ሮጦ አሸነፈ። ፌራሪ ከዚያ በፊት ሌ ማንን ያሸነፈው በ1965 ነበር። በ2024ም በ2025ም ደገመው። ለጓደኛህ ይህን አንዱን ብትነግረው ይበቃዋል።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። በ1971 ፖርሸ 917/20 የሚባል ሰፋ ያለ፣ ወፈር ያለ መኪና ይዞ መጣ። ቅርጹን ያመጣው የነፋስ ጥናት ነበር። ሲያዩት አሳማ መሰለ። ታዲያ ምን አደረጉ? ሮዝ ቀለም ቀቡት። ሥጋ ቤት ግድግዳ ላይ በሬው ተስሎ ሽንጡ፣ ዳቢቱ፣ ሻኛው በመስመር ተከፍሎ እንደሚጻፍበት፣ ገላውን በነጠብጣብ መስመር ከፋፍለው የብልቱን ስም በጀርመንኛ ጻፉበት። ውድድሩን አልጨረሰም፣ ተጋጨ። ከ50 ዓመት በላይ አለፈው። የዚያን ቀን የጨረሱትን የብዙዎቹን መልክ ማን ያስታውሳል? አሳማዋን ግን ዛሬም የማያውቃት የለም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የሥዕል ተማሪ ነኝ። ጁሊ ምህረቱ የሠራችው የቢኤምደብሊው መኪና በእውነት ተወዳድሯል ወይስ ለኤግዚቢሽን ብቻ ነው? ሥዕሉስ መኪናውን አያከብደውም? (ከስድስት ኪሎ)

መልስ፦ ተወዳድሯል እህቴ። የአዲስ አበባ ልጅ እጅ ሌ ማን ላይ ሮጧል።

ጁሊ በ1970 እዚሁ አዲስ አበባ ተወልዳ በ1977 ከቤተሰቧ ጋር ወደ አሜሪካ ሄደች። ቢኤምደብሊው ሠዓሊ እየጋበዘ መኪና ማሳል የጀመረው በ1975 በአሌክሳንደር ካልደር ነው። የእሷ 20ኛው ነው። በ2024 ግንቦት ፓሪስ፣ ፖምፒዱ ማዕከል ውስጥ ተመረቀ። በሰኔ 20 ቁጥርን ለጥፎ ሌ ማን ገባ። ሼልደን ቫን ደር ሊንዴ፣ ሮቢን ፍራይንስና ሬነ ራስት ነዱት።

ክብደቱን በተመለከተ አታስቢ። ሥዕሉ በብሩሽ አልተቀባም። ከአንድ ትልቅ ሸራዋ ተነሥታ፣ ምስሉ በኮምፒውተር የመኪናውን ጉብታና ጎድጓዳ ተከትሎ ተጠመጠመ። ከዚያ ስስ ፊልም ላይ ታትሞ ተለጠፈ። በብሩሽ የሚባለውን ያደረገው አንዲ ዋርሆል ነው፣ በ1979። ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይፈጅበት ኤም1ን በገዛ እጁ ቀባው። ያም መኪና ሌ ማን ላይ 6ኛ ወጣ።

እኔ እንደ ባቲላሜራ ልጅ ያየሁትን ልንገርሽ። ቆሞ ሲታይ ሥዕሉ ጥቁር ጭረቶች፣ ነጠብጣቦችና የሚያበሩ ቀለሞች ተደራርበውበታል። ዓይን የት እንደሚጀምር አያውቅም። ሲሮጥ ግን ነጠብጣቦቹ ይዋሃዳሉ፣ ጭረቶቹ ይሰነጠቃሉ። መኪናው ሥዕሉን ሰንጥቆ ያለፈና ቀለሙ ገላው ላይ የቀረ ይመስላል። ከፓራፋንጎው በላይ ያለችው ቀዳዳ እንኳ የሥዕሉ አካል ሆናለች።

መኪናው ግን አልቀናውም። ገና በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ተጋጨና ለጥገና ረጅም ጊዜ ጋራዥ ውስጥ ቆመ። አለቀስኩ ብልሽ አልዋሽሽም። ጁሊ ራሷ ሥራው የሚጠናቀቀው ውድድሩ ሲያልቅ ነው ብላ ነበር። እንግዲያው ጭረቱም፣ የተቀየረው አካልም፣ የጎማው ጥቀርሻም የሥዕሉ ናቸው። አጎቴ ግን ቢኖር መዳፉን ሳያሳርፍበት አያልፍም ነበር።

ጥያቄ፦ ቪትዝ አለኝ። ከኋላው ስፖይለር ባስገጥም ነዳጅ ይቆጥብልኛል? መሬትስ ያስይዘዋል? (ከካዛንቺስ)

መልስ፦ አይ፣ ሁለቱንም አያደርግልዎትም። የነፋስ ኃይል ከፍጥነት ካሬ ጋር ነው የሚያድገው። የሌ ማን መኪና በ320 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ክንፉ ላይ የሚያርፈው ኃይል በ40 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ወደ አንድ 64ኛ ይወርዳል። ከካዛንቺስ ወደ ባምቢስ ደግሞ 40 መድረስዎም ትልቅ ነገር ነው። መሬት እንዲይዝልዎ ከፈለጉ ገንዘቡን ለጎማ ያውሉት። የጎማዎን ጥርስ ጎሚስታ ጋ ሄደው ያስለኩ።

ስላማረዎት ብቻ ከሆነ ግን ያስገጥሙት፤ ማንም አያሳፍርዎት። ብቻ በብሎን እንዲያስሩት አይፍቀዱ። የኋላውን በር ሲበሱት ቀለሙ ይሰነጠቃል፣ በዚያ ውሃ ይገባል፣ ላሜራው ከውስጥ ዝጎ ሲያዩት ጊዜው አልፏል። በሁለት ወገን በሚለጠፍ ጠንካራ ፕላስተር ያስለጥፉት። ከዚያ በፊት ቦታው በደንብ ይታጠብና ይድረቅ። ቀድሞውኑ ተበስቶ ከሆነ ክረምቱ ሳይገባ ቀዳዳውን ጸረ ዝገት አስቀብተው በሲሊኮን ያስደፍኑት።